በጎን ማየት የማይወድ መነጽር

አሚና ሜትር አትወድም። ልብስ ሰፊ ሆኖ ሜትር የማይወድ ሰው ካያችሁ ንገሩኝ፤ በአዲስ አበባ ምድር ከሷ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ሱቋ ውስጥ ሜትር የለም ማለት አይደለም። ዩኒፎርም ልታሰፋ የመጣች እናት፣ ልጄ ካልተለካ አላምንም ብላ ድርቅ ስትል፣ ከመሳቢያ ታወጣውና ለይስሙላ ትከሻው ላይ ጣል ታደርገዋለች። ቁጥሩን ግን አታነበውም። ልጁ በሩን አልፎ ሲገባ ልኩን ጨርሳዋለች።

ስሟን ያስጠራው ግን ዩኒፎርም አይደለም፣ ሙሽራ ነው። በእነ አሚና ወገን፣ ከኮምቦልቻ ይዘውት በመጡት ልማድ፣ የወንዱ ቤተሰብ ለሙሽራዋ የሚያመጣው ቀሚስ ልኩ አይጠየቅም። ልክሽ ስንት ነው ማለት ነውር ነው፤ ልጃችንን እንደ ሸቀጥ ለኩብን ያሰኛል። ስለዚህ አንዲት ዓይኗ የታመነላት ሴት እንግዳ መስላ ትሄዳለች። ሻይ ትጠጣለች፣ ስለ ኑሮ ውድነት ታወራለች፣ ሙሽራዋ ትሪ ይዛ ስትገባ ስትወጣ በዓይኗ ጥግ ሰረቅ አድርጋ ታያታለች። ትክ ብሎ ማየት አይቻልም፤ ያስንቃል። ከዚያ ቤቷ ገብታ ትቆርጣለች። ቀሚሱ የሚከፈተው በጥሎሹ ቀን፣ በሁለቱም ወገን ሴቶች ፊት ነው። ሙሽራዋ ጓዳ ገብታ ለብሳው ትወጣለች። ልክ ከሆነ እልልታ ነው፤ ካልሆነ ዝም ይባላል። አሚና ያን ዝምታ ሰምታው አታውቅም። ሠላሳ ሁለት ሙሽሮች አልብሳለች፤ ከሠላሳ ሁለቱ የአንዷም ስፌት ተፈትቶ አልተመለሰም።

ዓይኗ መድከም የጀመረው ካዛንቺስ የነበረው ሱቋ ተነስቶ ላንቻ ከገባች ወዲህ ነው። አሚና ግን ዓይኔ ደከመ የምትል ሴት አይደለችም። መጀመሪያ መብራቱን ከሰሰች፤ አምፖል አስቀየረች። ቀጥሎ ክሩን ከሰሰች። በመጨረሻ የዘንድሮ መርፌ ቀዳዳ ሳያወጡለት ነው የሚልኩት ብላ ቁርጧን ተናገረች። መርፌውን የሸጠችላት ደግሞ ጀማነሽ ናት። ጀማነሽ ክርና ቁልፍ ነጋዴ ናት፤ ካዛንቺስ ሳሉ ግድግዳ ለግድግዳ ነበሩ፣ ተነሱ ሲባሉም ጎን ለጎን ሱቅ ፈልገው ነው የገቡት። አፏ ስለት ነው፤ ልቧ ግን ንጹሕ። ቀዳዳ የለውም የተባለውን መርፌ ተቀበለች፣ የክሩን ጫፍ በምላሷ አረጠበች፣ ሽው አድርጋ አስገብታ መለሰችላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት አሥር መርፌ ክር እያስገባች፣ ስፖንጅ ላይ ሰክታ ማምጣት ሥራዋ ሆነ። ስለዚህ ነገር ሁለቱ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

እንዲህ እየተባለ ዓመት አለፈ። ጭንቁ የመጣው ሙስዐብ ላገባ ነው ሲል ነው። ሙስዐብ የአሚና አንድ ልጇ ነው፤ ካዛንቺስ አንድ ባንክ ውስጥ ኮምፒውተር ክፍል ይሠራል። ያጫት ልጅ አፍራህ ትባላለች፤ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ቤተሰቦቿ እነሱም ከወሎ መጥተው ቂርቆስ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ቀኑ ተቆረጠ፣ ለጥሎሹ አምስት ሳምንት ቀረው። ታዲያ አንድ እሁድ ምሳ ላይ ልጅየው ስልኩን አወጣና የቀሚስ ፎቶ ያሳያት ጀመር። ማለቴ አሁን እኮ ሁሉም ነገር ኦንላይን ነው፣ ከዱባይ በሳምንት ይደርሳል፣ ሳይዟን እኔ በዘዴ አጣራለሁ፣ አንቺ በቃ ዕረፊ አላት። ክፋት አስቦ አይደለም። የእናቱን መርፌ ማን ክር እንደሚያስገባላት ያውቅ ነበር። አሚና ግን ልትጎርስ የጠቀለለችውን ትሪው ላይ መለሰችው።

«ሠላሳ ሁለት የሰው ልጅ አልብሼ፣ የራሴን ልጅ ሙሽራ ዱባይ ታልብስልኝ?» አለችው።

ሙስዐብ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እሱ ሲወጣ ግን እሷን ፍርሃት ያዛት። አፍራህን እስከዛሬ ሁለት ጊዜ አይታታለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ልጅቷ ከጉም ውስጥ የወጣች ያህል ነው የታየቻት። ቁመቷን ታውቃለች፣ ድምፅዋን ታውቃለች፤ ትከሻዋ የት እንደሚያልቅ ግን አታውቅም። የራሷን ልጅ ሙሽራ ማልበስ ካቃታት ሠላሳ ሁለቱም ሙሽሮች ምን ያደርጉላታል? በማግስቱ ጠዋት ጀማነሽ ሱቅ ሄዳ ዱካው ላይ ቁጭ አለችና ዓይኔ አያይም አለች። እንዲህ ፊት ለፊት። ጀማነሽ ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ቃል ነውና አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። ሱቋን ቆለፈች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ታክሲ ውስጥ አስገብታ ካዛንቺስ ይዛት ሄደች።

መነጽር ቤት የተቀበላቸው ዮአብ የሚባል ወጣት ባለሙያ ነው። አገጯን መሣሪያ ላይ አስደግፎ፣ ይሄኛው ይሻላል ያኛው እያለ መስታወት ይቀያይርላት ጀመር። አሚና ደከማትና ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ ሁሉም ጥሩ ናቸው ማለት አመጣች። ጀማነሽ ከኋላ ሆና፣ እውነቱን ተናገሪ እንጂ፣ ሠርግ ቤት ቀርቦልሽ ነው እንዴ ሁሉንም የምታመሰግኚው አለቻት።

በሳምንቱ መነጽሩ ደረሰ። ዮአብ አፍንጫዋ ላይ እያስተካከለላት፣ ፕሮግረሲቭ ነው አለ፤ ከላይ ያለው ለሩቅ፣ መሀሉ ለመሀል፣ ከታች ያለው ለቅርብ። ማለቴ ማዘር፣ ጎንና ጎኑ ያዛባል፣ በዓይንዎ ጥግ አይዩበት፣ በቃ ማየት ወደፈለጉት ነገር አፍንጫዎን ያዙሩ፣ ሁለት ሳምንት ሳያወልቁ ከቆዩ ዓይንዎ ይለምደዋል። ልጁ አንድም ሳያስቀር ነው ያስረዳው። አሚና ግን አልሰማችውም። ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርት ብሎ የታያት የመጀመሪያ ነገር የዮአብ ሸሚዝ ኮሌታ ነው፤ ስፌቱ ጠሟል። ደሟ ፈላ። ማነው እንዲህ አበላሽቶ የሰፋልህ ብላ አፋጠጠችው።

ጉዱ የፈላው መንገድ ላይ ሲወጡ ነው። አስፋልቱ ከፍ ብሎ መጣባት። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ጉልበቷ ድረስ መስሎ ታያትና እግሯን አንስታ ስትረግጥ ባዶ ሆነባት። ቀና ስትል ፎቆቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ዞር ስትል ወገባቸው ይታጠፋል። ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ እግሯን ከፍ ከፍ እያደረገች ትራመድ ጀመር። ጀማነሽ ክንዷን ይዛ በሳቅ ፈረሰች፤ ኧረ ተይ፣ ሰው ጎርፍ መጣ ብሎ ይሮጣል አለቻት። ታክሲው ላይ ስትወጣ ደረጃውን ሳተችው። ረዳቱ፣ ማዘር ቀስ ይበሉ ብሎ ደገፋት። አሚና ከአፍረቷ ብዛት መነጽሩን ልታወልቅ እጇን አንስታ ነበር፤ ግን የኮሌታው ስፌት ትዝ አላትና ተወችው።

በማግስቱ ጀማነሽ እንደ ልማዷ አሥር መርፌ ይዛ መጣች። አሚና ከስፖንጁ ላይ አንዱን ነቀለች፣ የገባለትን ክር ስባ አወጣችው፣ ሌላ ክር ቆርጣ በራሷ እጅ አስገባችው። በአንድ ጊዜ። ጀማነሽ የቀሩትን ዘጠኝ መርፌዎች እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ከዚያ ስፖንጁን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ አቅፋ ሳመቻት። ሁለቱም አለቀሱ። ከዓመት በፊት መባል የነበረበት ነገር ሁሉ ያኔ ተባለ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አሚናን ያጠገባት ያ መርፌ ነው። መርፌ ቀዳዳ ያየ ዓይን ምን ያቅተዋል ብላ፣ መነጽሩን ባደረገች በሦስተኛው ቀን ጀማነሽን አስከትላ ሙሽራዋን ለማየት ወደ ቂርቆስ ሄደች። ሁለት ሳምንት የተባለውን ማን ያስታውሳል። የእነ አፍራህ ቤት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃውን በግድግዳ ተደግፋ ወጣችው። የአፍራህ እናት ሉባባ ጥሩ አድርጋ ተቀበለቻቸው። ረጋ ያለች፣ ቃል የምትመርጥ ሴት ናት። አሚና በሥራዋ ልማድ ከመስኮቱ ጎን፣ ከሰው ፊት ገለል ብላ ተቀመጠች። አፍራህ ሳምቡሳና ሻይ አቀረበች። አሚና ፊቷን ወደ ሉባባ አድርጋ ስለ ሠርጉ ድንኳን እያወራች፣ ልጅቷን በዓይኗ ጥግ ጠቀስ፣ ጠቀስ እያደረገች ልኳን ወሰደች። ትከሻዋን ያዘች፣ ወገቧን ያዘች። ሞላ ያለች ልጅ ኖራለች፣ ማሻአላህ ብላ በሆዷ ተገረመች። በማግስቱ ሳቲኑን ዘረጋችና ቆረጠችው።

ከሁለት ቀን በኋላ ጀማነሽ ስትገባ ቀሚሱ ማሳያው አሻንጉሊት ላይ ተንጠልጥሏል። ዞረችው። ወገቡን በሁለት እጇ ይዛ ለካችው። ጀማነሽ ለወትሮው ስትተርብ ነው የምትታወቀው፤ ያን ጊዜ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አሚና፣ ይቺ ልጅ ነፍሰ ጡር ናት እንዴ?»

አሚና መቀሱን አስቀመጠች። የልጄን ሙሽራ ስም አታንሺ ብላ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ጀማነሽ ግን አስቆመቻት። እኔ አጠገብሽ ነበርኩ፣ እኔ ያየኋት ልጅ ወገቧ ስንዝር ነው፣ ይሄ ቀሚስ ሁለት አፍራህ ይወስዳል፣ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ሲከፈት ሰው የሚለው እኔ ያልኩትን ነው፤ የወንዱ እናት ምን አውቃ ነው ወገቡን እንዲህ የለቀቀችው ይላሉ አለቻት። አሚና ወገቡን በራሷ እጅ ያዘችው። ዝምታውን ብቻ ነበር እስከዚያ የፈራችው፤ ከዝምታው የባሰ መኖሩን አላሰበችም። የልጇን ሙሽራ በገዛ እጇ ሰው አፍ ውስጥ ልትከት ነበር።

ማጥበብማ ይጠባል። የሰፋ ቀሚስ ማጥበብ ለአሚና የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ግን በስንት? ዓይኗ የነገራት ይሄንን ነው፤ እሱን ካላመነች ምኑን ትመን? በጭፍን ብታጠበው ሊያንቃት ነው። መነጽሩን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሱቁ ሁሉ ተመልሶ ደፈረሰ። ዱባይ ትዝ አለቻት፤ የሙስዐብ ስልክ ትዝ አላት። አንዴ ደውላ በቃ እዘዝ ብትለው ነገሩ ያልቃል። ስልኳን እስከማንሳት ደርሳ ነበር። ከዚያ ንዴቷ ከፍርሃቷ ቀደመ፤ መነጽሩን መልሳ አድርጋ፣ ይሄ ልጅ ምን ዓይነት የተንኮል መስታወት ነው የሸጠልኝ እያለች ብቻዋን ታክሲ ተሳፈረች።

ካዛንቺስ መነጽር ቤቱ ውስጥ ሌሎች ደንበኞች ቢኖሩም አልተሳቀቀችም። የልጄን ሙሽራ አወፈርክብኝ አለችው። ዮአብ መጀመሪያ ምን እንደምትል አልገባውም። ሙሉውን አስተርኮ ሰማትና፣ ሳይስቅ፣ እንደ ሐኪም ረጋ ብሎ ጠየቃት።

«ማዘር፣ ልጅቷን ሲያይዋት አፍንጫዎ ወዴት ነበር?»

አፍንጫዋ ወደ ሉባባ ነበር። አፍንጫዋ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወደ ሙሽራዋ ዞሮ አያውቅም። ዮአብ ፊቷን ወደ በሩ አስደረጋትና፣ አሁን እኔን በዓይንዎ ጥግ ይዩኝ አላት። አየችው። ቀጭኑ ልጅ ትከሻው ተለጥጦ፣ ጎኑ ተንዘርፍፎ ቆሟል። ዞር ብላ ፊት ለፊት ስታየው ያው ከሲታው ዮአብ ነው። ደገመችው። ሦስተኛም ሞከረችው። ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው በዚያ ጥግ ነው፤ እናቷ ያስተማረቻት በዚያ ጥግ ማየት ነው፤ ይሄ መነጽር ደግሞ ጥጉን አይወድም። ሌላ ዓይነት ልሥራልዎት እንዴ አላት ዮአብ፣ ለሩቅ ብቻ የሚሆን አለ፣ ግን ከደረሰ በኋላ እንደገና መልመድ ይፈልጋል። አሚና ቀኑን ቆጠረች። ለጥሎሹ ሦስት ሳምንት አልሞላም። ፊት ለፊት ካየሁበትስ እውነቱን ይናገራል ወይ ብላ ጠየቀችው።

«ቀጥ ብለው ካዩበት አይዋሽም» አላት።

እሺ አለች። አንድ ቃል ነው ያለችው። ላንቻ ተመለሰች፣ መሳቢያውን ከፈተች፣ የማትወደውን ሜትር አወጣች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ላንቻ ሁሉ ያወራዋል። አሚና ሱቋ በር ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀመጠች፣ አፍንጫዋን ወደ አላፊ አግዳሚው ቀሰረች። መጀመሪያ ጀማነሽን ነው የያዘቻት። በዓይኗ ገመተች፣ በሜትር ለካች፤ ሦስት ጣት ሳተች። ጀማነሽን አዙራ ደግማ ገመተች። ከዚያ ጫማ ጠጋኙን ደጋጋን ጠርታ ትከሻውን ገመተች፣ ሁለት ጣት ሳተች። ዳቦ የምትሸጠዋን፣ ቁልፍ ልትገዛ የመጣችውን፣ ለጸሎት ወደ መስጊድ የሚሄደውን ሽማግሌ ሳይቀር አቁማ ለካች። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ተቆጣ። ሴትዮዋ ሰው ላይ ታፈጣለች፣ መነጽሩ ነው መሰል አእምሮዋን ነካት ተባለ። ተባለ ብላ አልተወችም።

ደረጃም ነበር። ጠዋት ጠዋት ጀማነሽ መስቀል አደባባይ ይዛት ትሄዳለች። ሯጮቹ ሽቅብ ቁልቁል ሲሉ እነሱ ሁለቱ በአንዱ ጥግ ደረጃውን መውረድ ይለማመዳሉ፤ አገጯን ወደ ደረቷ ዝቅ፣ አፍንጫዋን ወደ እግሯ። የመጀመሪያውን ቀን አምስት ደረጃ ለመውረድ ሩብ ሰዓት ፈጀባት። ሁለት ሳምንት ሊሞላ ሲል የጀማነሽን ክንድ ለቀቀች። አንድ ጠዋት ከላይ ተነስታ፣ እጇን ሳትዘረጋ፣ እታች ድረስ ወረደች፤ ጀማነሽ እላይ ቀርታ አጨበጨበች። አስፋልቱም መቼ እንደሆነ ሳታውቀው ወደ ቦታው ተመልሷል። በዚያው ሰሞን የጀማነሽን እህት ከመንገዱ ማዶ አይታ ወገቧን ጠራች፤ ስትለካት ከጠራችው አንዲት ክር አልበለጠም። ሜትሩን ወደ መሳቢያው ወረወረችው።

የቀረው አፍራህ ናት። ጥሎሹ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ የእንግዳ ቁጥር ልንነጋገር በሚል ሰበብ ቂርቆስ ተመልሳ ሄደች። አሁን ከመስኮቱ ጎን አልተቀመጠችም። ሶፋው መሀል፣ ከጓዳው በር ትይዩ ተሰየመች። ያን ቀን የአፍራህ አክስት ሩቅያም ነበረች፤ ሩቅያ የሚያመልጣት ነገር የለም፣ ስለ አሚና ዓይንም ስንት ጊዜ ሰምታለች። አፍራህ ሰፊ የቤት ልብስ ለብሳ ትሪ ይዛ ወጣች። አሚና አፍንጫዋን ወደ ልጅቷ አቀናች፤ ትክ ብላ አየቻት።

አፍራህ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። አሚና ያየችው ግን መጀመሪያ ትከሻ አይደለም። ፊት ነው። ከቅንድቧ በላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ አላት፤ ጣቷ ላይ የልጆች ቀለም ደርቋል፤ ፈርታለች፣ ፍርሃቷንም በፈገግታ ይዛዋለች። አሚና ሠላሳ ሁለት ሙሽሮች አልብሳ የአንዷንም ፊት አታስታውስም፤ ትከሻና ወገብ ነበሩ። ይቺን ግን አየቻት፤ ልጄ ይቺን መውደዱ እውነቱን ነው ብላ አሰበች።

ሩቅያ ግን አልታገሰችም። ልጃችን ላይ ምን አዩባት ብላ ጠየቀች፤ ድምፅዋ ውስጥ እሾህ ነበር። አሚና የምታመልጥበት ሰበብ መቶ ነበር። እሷ ግን እውነቱን ተናገረች።

«ምንም አላየሁባትም። ዓይኔ ደክሞ ልጄ ያጫትን ልጅ መልኳን እንኳ ለይቼ አላውቅም ነበር። ይኸው መነጽር አደረግሁ። አንዴ ደህና አድርጌ ልያት።»

የአሚና ዓይን ደከመ። ይሄንን ቃል ከራሷ ከአሚና አፍ ሰምቶ የሚያውቅ ከጀማነሽ ሌላ ሰው የለም፤ አሁን አማቾቿ ሰሙት። ሩቅያና ሉባባ ተያዩ። አፍራህ ግን የነገሩን ሥር ያወቀች መሰለች። ትሪውን አስቀመጠችና፣ ፀሐይ በዛ ብላ መጋረጃውን ልትስብ ሄደች፤ እየሄደች ሰፊውን ልብስ በአንድ እጇ ከወገቧ ሰብሰብ አደረገችው፤ መጋረጃውንም ከሚያስፈልገው በላይ ቀስ ብላ ሳበችው። ስትመለስ ዓይኗ ከአሚና ዓይን ገጠመ። ሁለቱም ሳቃቸውን ዋጡት። አራዳ ናት፤ ምን ትሆን መስሏችሁ ነበር።

አሚና ላንቻ ስትደርስ ጠመኔውን አንስታ ቀሚሱ ላይ አንዲት መስመር አሰመረች። አላመነታችም። ከወገቡ ከግራና ከቀኝ አራት አራት ጣት አወጣች፣ ትከሻውን ቆረጠች፣ እጅጌውን ነቅላ እንደገና ገጠመች። ስፌቱን በመኪና አልሠራችውም፤ በእጇ፣ ክሩን ራሷ እያስገባች ሠራችው። ጥልፉ ስድስት ቀን ፈጀ። ጀማነሽ ቁልፎቹን ከሱቋ መርጣ አመጣች፤ ወገቡንም በሁለት እጇ ያዘችው፣ ምንም ሳትል ጉንጯን ሳመቻት።

የጥሎሹ ቀን ሳሎኑ በሴት ሞላ። ድቤው ይመታል፣ ሻንጣው መሀል ተቀምጧል። ሩቅያ ከሻንጣው አጠገብ ናት፤ ሻሿ ጫፍ ላይ ስምንት መርፌ ቁልፍ በተርታ ሰክታለች። ምን ይደረግ፣ ዓይናቸው ደክሟል እያለች ለአጠገቧ ሴት ስታንሾካሹክ አሚና ሰማቻት። ሙሽራዋ እንዳታፍር ብላ ነው፤ ክፉ ሴት አይደለችም። ቢሆንም አንጀት ያቃጥላል። ቀሚሱ ተከፈተ፣ ጥልፉ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ታየ፣ አፍራህ ተቀብላ ጓዳ ገባች። ድቤው ቆመ። ጀማነሽ የአሚናን እጅ ጥርቅም አድርጋ ያዘች።

በሩ ተከፈተ። አፍራህ ወጣች።

ትከሻው ትከሻዋ ላይ ነው። ወገቡ ወገቧን ይዞ፣ ሳያንቅ፣ ወደታች ይለቃል። እልልታው ሊጀመር ሲል ሩቅያ እጇን አንስታ ቆይ አለች፣ መርፌ ቁልፍ ይዛ ሙሽራዋን ዞረቻት። ወገቡን ሞከረች፣ ትርፍ ጨርቅ አላገኘችም። ብብቱን ሞከረች፤ አፍራህ እጇን ሽቅብ አነሳችላት፣ አንዲት ክር አልተጎተተችም። ሩቅያ በፊት ለፊት መጣች፣ በጀርባ ሄደች፣ የምትሰካበት ቦታ አጣች። በመጨረሻ መርፌ ቁልፏን ወደ ሻሿ መለሰችና፣ ለራሷ ይሁን ለሰው ባልታወቀ ድምፅ፣ ሱብሃነላህ አለች። ያኔ ነው ቤቱ የተናጋው። እልልታው ደረጃውን ወርዶ እታች የቆሙት ወንዶች ዘንድ ደረሰ፤ ሙስዐብም ሰማው።

ሉባባ ሴቶቹን ጥሳ መጣችና አሚና ፊት ቆመች። እስከዚያን ቀን እርስዎ እንጂ አንቺ ብላት አታውቅም።

«አሚናዬ፣ ዓይንሽን አላህ ይጠብቅልሽ» አለች፤ ዕንባዋ እየወረደ።

«አዲስ ነው፣ ሉባባ። ገና ወሩ ነው» አለቻት አሚና።

ሳቅ ሆነ። በሠላሳ ሁለት ጥሎሽ አሚና ሥራዋን አስረክባ ጥግ ይዛ የምትቀመጥ ሰፊ ነበረች፤ እልልታው ሁሌም የሌላ እናት ነበር። አሁን ጥጓን ለቅቃ ወደ መሀል ወጣች፣ የልጇን ሙሽራ ትከሻ አቀፈች፣ ጉሮሮዋ እስኪነቃ ድረስ እልል አለች።